አንድ ቤት ብቻ የበላ እሳት

በ1931 ዓ.ም. መጋቢት ወር፣ በአንድ ረቡዕ ጠዋት፣ የኮልፌ ሰፈር ጽሕፈት ቤት አመድ ሆኖ ተገኘ። አመዱ ውስጥ አንድ ሬሳ ነበር።

መርማሪ አምሐ ወንድይፍራው ሲደርስ ጭሱ ገና አልጠፋም። በመጀመሪያ ዓይኑን የሳበው ግን የተቃጠለው ቤት አልነበረም፤ ያልተቃጠሉት ነበሩ። በግራ በኩል፣ አሥር ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ የወይዘሮ አየለች የሣር ቤት ቆሟል። በቀኝ ሌላ የሣር ቤት አለ። ከጀርባ ለአህዮች የተከመረ ድርቆሽ። የመጋቢት ነፋስ ሌሊቱን ሲያፏጭ አድሯል። ከዚህ ሁሉ ሣር ውስጥ አንዲት ሰበዝ እንኳ አልጠቆረችም።

አምሐ ከድርቆሹ አንዲት ሰበዝ መዝዞ አየ። ከጦርነቱ በፊት በአዲስ አበባ ፖሊስ ስምንት ዓመት አገልግሏል፤ ጣሊያን ከገባ በኋላም «ሌባ በማንም መንግሥት ሌባ ነው» ብሎ ራሱን አሳምኖ በዚያው ሥራ ቀጥሏል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ብዙ የተቃጠለ ቤት አይቷል። ተለክቶ የተሰጠውን ብቻ በልቶ፣ አፉን ጠርጎ የተነሣ እሳት ግን አይቶ አያውቅም።

«ጸሐፊው ጥሩሰው ነው» አለው የሰፈሩ ሹም ቱሉ ገሜዳ። «ማታ ማታ እያመሸ ይጽፍ ነበር። ኩራዙ ወድቆበት ይሆናል።»

ቱሉ ቅንድብ የለውም። እሳት የወሰደበት ከብዙ ዓመት በፊት ነው፤ መልሶ አልበቀለም። ከተማይቱ የመጀመሪያዋን የእሳት ማጥፊያ መኪና ካገኘችበት ቀን ጀምሮ የእሳት አጥፊዎቹ አለቃ እሱ ነበር። አምሐ ገና ተራ ፖሊስ ሳለ አራዳ ውስጥ ባለ ፎቅ ሱቅ ሲቃጠል ሕዝቡን ወደኋላ እየገፋ አይቶታል። እርጥብ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ሦስት ጊዜ ገባ፤ ሦስት ጊዜ ሰው ተሸክሞ ወጣ። በሦስተኛው ሕዝቡ ማጨብጨቡን ትቶ ባርኔጣውን አወለቀ።

ያ ሰው ከአሥር ወር በፊት ጣሊያኖች የሰፈር ሹምነት ሲሰጡት ተቀበለ። ከዚያ ወዲህ ኮልፌ ውስጥ «አለቃ ቱሉ» የሚለው ጠፋ። ፊት ለፊት «ሹሙ» ይሉታል፤ ዞር ሲል ባንዳ።

አምሐ ወደ ሬሳው ጎንበስ አለ። ፊቱ የሚለይ አልነበረም። የግድግዳው ጭቃ ፈርሶ ከወገብ በታች ስለሸፈነው እግሩ ብቻ ደህና ነው፤ ውስጥ እግሩ ዝናብ እንዳጣ መሬት ተሰነጣጥቋል። አምሐ ነጭ መሐረብ በእንጨት ጫፍ ጠቅልሎ ወደ ጉሮሮው ከተተና ቀስ ብሎ አወጣው። መሐረቡ እንደነጣ ወጣ።

ከኋላው የጣሊያን ፖሊሶቹ፣ የካራቢኜሪዎቹ፣ አለቃ ማሬሻሎው ቆሞ ነበር። አምሐ መሐረቡን ከፍ አድርጎ አሳየው፤ ድምፁ ውስጥ የነበረውን ኩራት በኋላ ሲያስታውሰው ያፍርበታል።

«ጥቀርሻ የለውም» አለ። «እሳቱ ሲነሣ ይኼ ሰው አይተነፍስም ነበር። ሞቶ ነው የተቃጠለው።»

ማሬሻሎው ራሱን ነቀነቀ። «እንግዲያው ኩራዝ አይደለም። ግድያ ነው።»

ቱሉ ነጩን መሐረብ ለረጅም ጊዜ አየው።

«መዝገቡስ?» አለ ማሬሻሎው።

መዝገቡ በየቤቱ ማን እንዳለና ማን እንደጠፋ የተጻፈበት ነው። «ጠፍቷል» የተባለ ሰው ሁሉ ጫካ እንደገባ ይቆጠራል፤ ቤተሰቡ ይጠየቅበታል። ሐሙስ ማሬሻሎው ሊረከበው ቀን ተቆርጦ ነበር።

«ተቃጥሏል» አለ አምሐ።

«ጸሐፊው ሁሉንም በቃሉ ያውቀው ነበር ይባላል። በሕይወት ቢኖር በሁለት ቀን መልሶ ይጽፍልን ነበር።» ማሬሻሎው አመዱን በጫማው ጫፍ ነካ አደረገ። «ማን ነው ከጸሐፊው ጋር የተጣላ?»

ከቆሙት መካከል አንዱ ሳያስበው ስም ጠራ። ቀትር ሳይሆን ቅቤ ነጋዴው ገረሱ ታሰረ፤ ቅዳሜ ገበያ ፊት እንዲሰቀል ተወሰነ። ሌላ ጥፋተኛ ከተገኘ እስከ ዓርብ ማታ ይምጣ ተባለ።

*

ገረሱ የታሰረበት ክፍል ድሮ የእህል ጎተራ ነበር።

«ተቀመጥ» አለው አምሐ።

«ምን ላይ? ወንበሩን እናንተ ወሰዳችሁት። ለእኔ የደረሰኝ ቁንጫው ነው።»

«ሰኞ ገበያ ላይ ጸሐፊውን ‹አቃጥልሃለሁ› ብለኸዋል?»

«ብዬዋለሁ። አህያዬንም በቀን ሦስት ጊዜ እገድልሻለሁ እላታለሁ፤ ይኸው ከእኔ ቀድማ የምትሞት አትመስልም።»

«ለምን ተጣላችሁ?»

«በሁዳዴ ቅቤ ነጋዴ ከመጣላት በቀር ምን ሥራ አለው?» ገረሱ ፈገግ ለማለት ሞከረና ተወው። «የወንድሜን ስም ጻፈው። ‹ጠፍቷል› ብሎ። ነቀምት ለንግድ ሄዷል በልልኝ ብዬ ለመንኩት። ‹የታዘዝኩትን ነው የምጽፈው› አለኝ፤ እግሩን አነባብሮ፣ ያን ጫማውን እያወዛወዘ።»

«ማክሰኞ ማታ የት ነበርክ?»

«ቤቴ። ምስክሬ ሚስቴ ናት። የሚስት ምስክርነት ደግሞ እናንተ ዘንድ አይመዝንም።»

አምሐ ሊነሣ ሲል ቆም አለ። «ምን ጫማ አልከኝ?»

«የጸሐፊው ጫማ ነዋ። ከልጅነቱ ጀምሮ ሚሲዮኖች ናቸው ጫማ ያስለመዱት። እግሩ የሕፃን እግር ነው። ባለፈው ክረምት ጫማው ለጥገና ሲገባ ሦስት ቀን ከቤቱ አልወጣም፤ ጠጠሩን ፈርቶ። ሰፈሩ ሁሉ ሲስቅበት ነበር።»

አምሐ ፊቱን ወደ በሩ መለሰ። ዓይኑ ላይ የመጣው በጭቃው ሥር ያየው እግር ነው፤ እንደ ደረቀ መሬት የተሰነጣጠቀው። ያ እግር ጫማ አያውቅም። አምሐ አይቶት ነበር፤ ነገር ግን ባዶ እግሩን የማይሄድ ሰው ስንት አለና አላሰበበትም። በነጩ መሐረቡ ተጠምዶ ነበር።

«ጉሮሮ ያየኸው አንተ ነህ አሉኝ» አለ ገረሱ ከኋላው። ድምፁ አሁን ቀልድ አልነበረበትም። «የሞተ ሰው ጉሮሮ እንዲህ አጥርቶ የሚያይ ሰው፣ የእኔንም ቅዳሜ ሳይደርስ ቢያይልኝ።»

*

የሞተው ጥሩሰው ካልሆነ ማን ነው? በሰፈሩ ውስጥ ሌላ የጠፋ ሰው አልነበረም። አምሐ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። አባ ኃይለ መስቀል ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ዳዊት ይደግሙ ነበር፤ እስኪጨርሱ ጠበቃቸው።

«አባቴ፣ በዚህ ሳምንት ስንት ሰው ቀበሩ?»

«ሁለት። የቀጄላን እናትና አንድ ሕፃን።»

«ሌላ የሞተ ሰው አልሰሙም?»

«ስለ ሙት ነው የምትጠይቀኝ ወይስ ስለ መቃብር?»

አምሐ የአባን ፊት አየ። «ስለ ሙት።»

«ሙት እንኳ ሌላም አለ። ከዘነበወርቅ በታች መንገድ ዳር የሞተ መንገደኛ ነው። ከየት እንደመጣ የሚያውቀው አልተገኘም። ማክሰኞ ከሰዓት ሹሙ መጥቶ ‹አባቴ፣ ፍትሐት ያድርጉለት› አለኝ። አንገቱ ላይ ማተብ አየሁ። የክርስትና ስሙን ማን ይነግረኛል? ‹ጌታ ሆይ፣ ስሙን አንተ ታውቀዋለህ› ብዬ ፈታሁት።»

«መቃብሩስ?»

«‹ሥጋውን ለእኔ ይተዉልኝ› አለ ሹሙ።»

«ቀበረው?»

አባ ዳዊታቸውን አጠፉ። «እኔ የፈታሁት ነፍሱን ነው፣ ልጄ። የሥጋውን ነገር እሱን ጠይቀው።» ከዚያ ለራሳቸው የሚናገሩ ይመስል ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «በሃምሳ ዓመት ክህነቴ ያላየሁትን አየሁ። ፍትሐቱ ሲያልቅ ሹሙ ተንበረከከና የዚያን መንገደኛ እግር ሳመ። ‹ይቅር በለኝ› አለው። ምን በድሎት ነው ብዬ አሰብኩ። በሕይወቱ አግኝቶት አያውቅም።»

*

ዓርብ ጠዋት አምሐ ወደ አመዱ ተመለሰ። መሐል ላይ ከወደቀው ምሰሶ አጠገብ ተንበረከከና ከሰሉን በጣቱ ጠረገ። ሥሩ ላይ ሁለት የመጥረቢያ ምት አለ፤ የምቱ ውስጥ ራሱ ከስሏል። ምሰሶው ከእሳቱ በፊት ተቆርጧል። ጣራው ሲነድ ወደ ውጭ እንዳይበተን፣ ወደ ውስጥ እንዲወድቅና ራሱን በራሱ እንዲያፍን። ይኼን የሚያውቅ ሰው በከተማው ውስጥ ከአንድ እጅ ጣት አይበልጥም።

ወደ ወይዘሮ አየለች ደጅ ሄደ። አየለች ባሏ የሞተባት፣ ስድሳ ዓመት ያለፋት ሴት ናት። ደጇ ላይ ተቀምጣ እየፈተለች ነበር።

«ክዳንዎ ከእሳት ዳነ» አላት።

«ምኑ ተርፎ? ጠርዙ የት አለ? ሹሙ አስቆርጦት! ሁለት ሳምንት አይሆነውም። ‹የነፋስ ሰሞን ነው፤ የክዳናችሁን ጠርዝ ቁረጡ፣ በደጃችሁ በርሜል ሙሉ፣ ማታ ማታ ሣሩን አርጥቡ› አለን። ያንን ሁሉ ውኃ ከወንዝ የቀዳሁት እኔ ነኝ። እየረገምኩት ነው የቀዳሁት።»

«እሱ ማክሰኞ ሌሊት ቤቱ ነበር? የነቃሁት ጣራው ሲወድቅ ነው ይላል።»

«ልጄ፣ እኔ የሰው ቤት ሌሊት አላይም። ጠዋቱን ጠይቀኝ።»

«እሺ፤ ጠዋቱን።»

አየለች እንዝርቷን አሾረች። «የእሳት አለቃ ቤት እሳት የለም። ይኼን ስንስቅበት አሥር ዓመት አለፈን። ሌላው ሰው ማታ ፍሙን አመድ አልብሶ፣ ዳፍኖ ነው የሚያድር። እሱ ውኃ ያፈስበታል። ‹የተዳፈነ እሳት አልተኛም፤ አድፍጦ ነው› ይላል። ስለዚህ ሚስቱ ዋጋነሽ በየጠዋቱ ገል ይዛ ‹እቴ አየለች፣ እሳት ልጭር› ብላ ትመጣለች። ሹም ከሆነ ወዲህ አንድ ቃል አላነጋገርኳትም። እሳት ግን አልነፈግኳትም። እሳት አይነፈግም።»

«ረቡዕ ጠዋትስ?»

እንዝርቱ ዘገየ።

«ረቡዕ አልመጣችም» አለች አየለች። «ሐሙስም አልመጣችም። ዛሬም።»

«በግርግሩ ይሆናል። ምናልባት ምድጃ አላነደዱም።»

«ጭሳቸው ይወጣል» አለች። ከዚያ ቀና ብላ አየችው፤ የተናገረችው ነገር ምን እንደሆነ አሁን የገባት ይመስል ነበር። በዚያ ምድጃ ላይ ውኃ አልፈሰሰም። ሌሊቱን ሲነድ አድሯል። ሌሊት እሳት የሚያስፈልገው፣ የታመመ ወይም የሚታከም ሰው በዚያ ቤት አለ።

እንዝርቷን አነሣችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «እኔ አሮጊት ነኝ» አለች። «የምለውን አላውቅም።»

*

ቱሉ ቤቱ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጦ የተበጠሰ ገመድ ይቀጥል ነበር። ገመዱ ከእሳት አጥፊነቱ ዘመን የቀረ ነው። ሚስቱ ዋጋነሽ ምድጃው አጠገብ ሽሮ ታማስላለች።

«ምድጃዎ ሞቋል፣ አለቃ» አለ አምሐ።

«ሹም» አላለም። ቱሉ ይኼን ሰማ፤ ገመዱን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው።

«ከማክሰኞ ጀምሮ አልጠፋም፤ አይደለም?»

«ማን ነገረህ?»

«የነገረኝ የለም። ያልመጣ ሰው ነው የነገረኝ።»

ዋጋነሽ ማማሰያውን ይዛ ቀረች። ዓይኗ ወደ ውጭ፣ ወደ አየለች ቤት ሄደ። «ገሉን» አለች ቀስ ብላ። «ገሉን ይዤ መሄድ ነበረብኝ።»

«አንቺ አይደለሽም» አላት ቱሉ። «አሥር ዓመት እሳት የነሣሁሽ እኔ ነኝ።» ከዚያ ወደ መጋረጃው ዞረ። «ና ውጣ፣ ልጄ። አልቋል።»

ጥሩሰው ወጣ። ቀጭን፣ ሃያ አምስት ዓመት የማይሞላው ወጣት ነው። ቀኝ እጁ እስከ ክርኑ በጨርቅ ተጠቅልሏል። እግሩ ላይ ጫማው አለ።

«እጅህ ምን ሆነ?» አለው አምሐ።

«ተመልሼ ገብቼ ነው።»

«ለምን?»

«የተንቀሳቀሰ መሰለኝ» አለ ጥሩሰው። «ያ ሰውዬ። መሞቱን አውቃለሁ፤ ሲፈታም ቆሜ አይቻለሁ። ግን የተንቀሳቀሰ መሰለኝ፤ ትቼው መሄድ አልቻልኩም። አለቃ ነው ጎትቶ ያወጣኝ።»

አምሐ ሳይጋበዝ ተቀመጠ።

«መዝገቡ ሐሙስ ይወሰድ ነበር» አለ ቱሉ። «ጠፍተዋል የተባሉት ከመቶ ይበልጣሉ። የገረሱ ወንድም አለበት፣ የቀጄላ ልጆች አሉበት። መዝገቡን ብቻ ባቃጥል ይኼ ልጅ መልሶ ይጽፈዋል።»

«አልጽፍም ነበር» አለ ጥሩሰው።

«ትጽፋለህ። እጁን ሲጠመዝዙት ሁሉም ይጽፋል። ይኼ ስድብ አይደለም።» ወደ አምሐ ተመለሰ። «አንድ ጊዜ የጻፈውን አይረሳም። የዚህ ልጅ ጭንቅላት ሁለተኛው መዝገብ ነው። ስለዚህ መሞት ነበረበት። ደግሞ መሞት አልነበረበትም።»

«ሹምነቱን የወሰዱት ለዚህ ነው?»

ቱሉ ገመዱን ከጉልበቱ አነሣ። «የዛሬ ሁለት ዓመት፣ በየካቲቱ ጊዜ፣ ሰው ያለበት ቤት ሲቃጠል መኪናዬ ውኃ ሞልታ ቆማ ነበር። ‹አታፍስስ› ተባልኩ። ጠመንጃ ነበራቸው፤ ሰዎቼን ይዤ ቆምኩ። ድምፃቸውን ሰማሁ። ያን ቀን አንድ ነገር ገባኝ፤ ውኃ የሚሸከም ሰው ምንም አይደለም። ‹ይፍሰስ› የሚለው ነው። ሹምነቱ ሲመጣ ‹ይፍሰስ› ለማለት ወሰድኩት። ክዳኑን ቁረጡ፣ በርሜል ሙሉ ያልኩት በዚሁ ነው። ሹም ባልሆን ማን ይሰማኝ ነበር? እየረገሙኝም ቢሆን ቀዱ።»

አምሐ የምሰሶውን ሥር፣ የደረቀውን ድርቆሽ፣ ያንን ሁሉ ያልተነካ ሣር አሰበ። ዕድሜውን እሳት ሲያጠፋ የኖረ ሰው አንድ እሳት ለኮሰ፤ መንገዱንም ለክቶ ሰጠው።

«ነፋሱ ቢዞርብዎስ?»

«ሰዎቼ የሉኝም። ብቻዬን ባልዲ ይዤ እስከ መጨረሻው ቆሜ አየሁት። ጣራው ከወደቀ በኋላ ነው የጮኽኩት።» ቱሉ እጆቹን አየ። «የሚገድለው ሳያዩት የሚሄድ እሳት ነው።»

ሽሮው ይንተከተካል።

«ነገ ገረሱ ይሰቀላል» አለ አምሐ።

«አውቃለሁ። ከረቡዕ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ኩራዝ ነው ብዬ ነበር። በኩራዝ ቢያልቅ ማንም አይነካም ነበር።»

«ልክ አልነበርኩም እላለሁ። ጉሮሮውን በደንብ አላየሁም ብዬ እጽፋለሁ።»

«ነጩን መሐረብ አሳይተኸዋል። ጣሊያኑ አምኖሃል። አሁን ያንን ጉሮሮ መልሰህ ጥቀርሻ ልትቀባው አትችልም።»

ቃሉ ውስጥ ወቀሳ አልነበረም። አምሐን ይህ ይበልጥ ከበደው። ሁለት ቀን ሙሉ ለራሱ ያልነገረው ነገር ይኸው ነበር፤ ገረሱን ያሳሰረው እሱ ነው፣ ሥራውን በደንብ በመሥራቱ።

«የምትጽፈውን ልንገርህ» አለ ቱሉ። «ጸሐፊውን የገደልኩት እኔ ነኝ። ባንዳ ብሎ ሰደበኝ፤ መታሁት፤ ሞተ። ለመደበቅ ቤቱን አቃጠልኩ። ምሰሶውን አሳያቸው። ከእኔ በቀር ማን እንዲህ ይቆርጣል?»

«አለቃ!» አለ ጥሩሰው።

«አንተ ሞተሃል፤ ሙት አይናገርም» አለው ቱሉ፤ ዋጋነሽ ሳታስበው ፈገግ አለች፣ ወዲያውም ፊቷን ሸፈነች። ቱሉ ቀጠለ። «ገዳይ ካለ ሟች አለ። ሟችን ማንም አይፈልግም። ገረሱ ይወጣል፤ ይኼ ልጅ ይሄዳል።»

«ይሽሹ» አለ አምሐ። «ሁለታችሁም። እኔ እስከ ነገ አልናገርም።»

«እኔ ከሸሸሁ ለምን ሸሸ ይላሉ። ልጁን ይፈልጋሉ። ገረሱን ይሰቅላሉ። ቀጥሎ ኮልፌን ያቃጥላሉ፤ የዚያን ጊዜ የሚነሣውን እሳት ማን ይለካዋል?»

አምሐ ሌላ መንገድ ፈለገ። እንደ መርማሪ፣ አንድ በአንድ፣ እያንዳንዱን በር ገፋ አደረገው። ሁሉም የሚከፈተው በሌላ ሰው ሞት ላይ ነበር። ይኼ ሽማግሌ ከረቡዕ ጀምሮ ሁሉንም ገፍቶ አይቷቸዋል። አራዳ ላይ፣ ያን ቀን፣ ለምን ሕዝቡ ዝም ብሎ ባርኔጣውን እንዳወለቀ አሁን ገባው።

«ጫማህን አውልቅ» አለው ጥሩሰውን።

ወጣቱ አልገባውም።

«ሬሳው ባዶ እግሩን ነው። ማሬሻሎው ሞኝ አይደለም፤ ዛሬ ባይጠይቅ ነገ ይጠይቃል። ጫማህ አመዱ ውስጥ መገኘት አለበት።»

ጥሩሰው አወለቀ። እግሩ ነጣ ያለ፣ ለስላሳ ነው። ዋጋነሽ ጫማውን ተቀብላ ሳትናገር ምድጃው አፍ ላይ አስቀመጠችው። የቆዳው ሽታ ቤቱን ሞላው።

«በዘነበወርቅ፣ በሥጋ ደዌ ሕሙማኑ ሰፈር በኩል ትሄዳለህ» አለው ቱሉ። «እጁ በጨርቅ የተጠቀለለ ሰው በዚያ መንገድ ላይ ማንም አይፈትሽም። ጠጠሩን ትለምደዋለህ።»

ቱሉ ገመዱን ጠቅልሎ ግድግዳው ላይ ሰቀለውና ተነሣ። አምሐም ተነሣ።

«ምሳው ደርሷል» አለች ዋጋነሽ።

ሁለቱም ቆሙ። ዋጋነሽ አላየቻቸውም። እንጀራውን ዘርግታ ሽሮውን ማውጣት ጀምራለች።

«የጾም መፍቻው ሰዓት ደርሷል። ሳትበላ አትወጣም» አለች።

ቱሉ ተመልሶ ተቀመጠ። ለአምሐ ቦታ አሳየው። አራቱም በሉ፤ አንዴ ቱሉ እጁን ዘርግቶ ለዋጋነሽ አፍ የሚሞላ ጉርሻ ጠቀለለላት፤ እሷም ተቀበለችው።

*

ማሬሻሎው ሪፖርቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። ጠረጴዛው ላይ የከሰለ የጫማ ተረከዝ ተቀምጧል።

«የራሳችን ሹም?»

«አዎ፣ ጌታዬ።»

«ለአንድ ስድብ?»

«ባንዳ ብሎ ሰደበኝ ይላል።»

ማሬሻሎው ተረከዙን በእርሳሱ ገለበጠው። «ስማ። አንድ የአገሬው ጸሐፊ በመሞቱ ሹሜን አልሰቅልም ነበር። የምሰቅለው መዝገቡን ስላቃጠለ ነው። ይኼን ጻፍ።»

«እጽፋለሁ» አለ አምሐ።

ጻፈም። በዚያ ሪፖርት ውስጥ እውነት የነበረው ዓረፍተ ነገር ይኸው አንዱ ብቻ ነበር።

*

ቅዳሜ አለፈ።

ሰኞ ጠዋት አምሐ በኮልፌ በኩል ሲያልፍ ገረሱ አህያውን እየነዳ አገኘው።

«ጌታው፣ አጥርተህ አየህልኝ» አለው። «ያ ባንዳ የእጁን አገኘ። በእኔ አንገት ሊገላገል ነበር እኮ!»

«ወንድምህ ደህና ነው?» አለው አምሐ።

«ነቀምት ነው» አለ ገረሱ፤ ጠቀሰውና አህያውን ነዳ።

የቱሉ ቤት ጭስ የለውም። በሩ ተከፈተና ዋጋነሽ ጥቁር ለብሳ፣ ገል ይዛ ወጣች። ማታ ምድጃው ላይ ውኃ አፍስሳ ነበር ማለት ነው። የሚያዛት ሰው ሳይኖር፣ እንደ ልማዱ። መንገዱ ዳር የቆሙ ሴቶች ፊታቸውን አዞሩ። አንዷ ምራቋን ተፋች። ዋጋነሽ ወደ ጎረቤቷ ደጅ ዓይኗን ሳታነሣ ሄደች።

አየለች ደጇ ላይ ቆማ ጠበቀቻት። በእጇ ሌላ ገል ይዛለች፤ ፍም ሞልቶበታል።

«ተመለሽ» አለቻት።

ዋጋነሽ ባለችበት ቆመች።

«ተመለሽ፣ ቤትሽ ግቢ። ከዛሬ ጀምሮ የምጭርልሽ እኔ ነኝ። በየጠዋቱ።» አየለች ለመጀመሪያ ጊዜ በአሥር ወር ውስጥ ስሟን ጠራች። «ዋጋነሽ፣ ግቢ።»

ከዚያ አሮጊቷ ወደ መንገዱ ቀና ብላ አምሐን አየችው። እውነቱን አውቃለች ወይስ አላወቀችም፣ ፊቷ አይናገርም። ነጠላዋን ፍሙ ላይ ጋረደችና የመጋቢት ነፋስ በሚያፏጭበት መንገድ፣ በሣር ቤቶቹ መካከል፣ ገሉን በሁለት እጇ ይዛ ቀስ ብላ ተራመደች። አምሐ ባርኔጣውን አወለቀ። እስክትገባ ድረስ ከገሉ ላይ አንዲት ብልጭታ አልወደቀችም።